ወደ ውስጥ የሚባል አዎ

እናቴ የአባቴ ድምፅ እንደጠፋት የነገረችኝ ለሃቪም ከምታጸዳቸው ቤቶች ተመልሳ ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

«ፊቱስ አለ፤ ግድግዳው ላይ ነው» አለች። «ድምፁን ነው ያጣሁት። ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ፣ ስሜን ሲጠራኝ ላስታውስ ብዬ ብሞክር በራሴ ድምፅ ነው የሚመጣብኝ። እማዋይሽ፣ እማዋይሽ እያልኩ ራሴን ስጠራ መጣሁ። አጠገቤ የነበረችው ሩሲያዊት ቦታ ቀየረች።»

ይህን ስትል ሳቅ ብላ ነበር። እኔ ጎንበስ ብዬ ጫማዋን አነሳሁ።

«ትሰሚኛለሽ፣ ጥሩዬ?»

«እየሰማሁሽ ነው፣ እማዬ።»

«አትመስዪም። ከግድግዳ ጋር የማወራ ነው የሚመስለኝ።»

ወቀሳው አዲስ አይደለም። ከሆላንድ ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ሁለቱንም ዓመት እንዲሁ ስትለኝ ነው የከረመችው። በእኛ ዘንድ አንዱ ሲያወራ የሚሰማው ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ትንፋሹን በጉሮሮው ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል። አጭር፣ እንደ መደንገጥ ያለች ድምፅ ናት። አዎ ማለት ናት፤ ሰምቻለሁ፣ ቀጥል፣ አብሬህ ነኝ ማለት ናት። አባቴ ከዚህች ድምፅ ሌላ ብዙ ቃል አልነበረውም።

ሆላንድ በገባሁ በመጀመሪያው ወር መምህሬ አንድ ነገር ሲያስረዳኝ ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ። ንግግሩን አቋርጦ ሄደና መስኮት ከፈተልኝ፤ አስም ያለብኝ መስሎት ነው። በሁለተኛው ጊዜ ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ራሴን ጠበቅሁ። በአፌ «ያ፣ ያ» እያልኩ አዎ ማለት ለመድኩ። ሰባት ዓመት ቆይቼ ስመለስ ያቺ አዎ ከእኔ ጋር አልነበረችም። ልመልሳት ሞክሬ ነበር፤ ታስባ ስትባል ግን ውሸት ትሆናለች፣ እናቴም ታውቅብኛለች።

የሄድኩት ድምፅ ልማር ነው። ዘፈን አይደለም፣ ድምፅን ራሱን። እናቴ ለጎረቤት ስታስረዳ «የሬዲዮ ነገር» ትለዋለች። በሰባት ዓመት ውስጥ የትራም ፍሬን ቀዳሁ፣ የፍሪጅ ማጉረምረም ቀዳሁ፣ በቦይ ላይ የረጋ በረዶ ሲሰነጠቅ ቀዳሁ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ደረጃ ሲወጡ ቀዳሁ። አራት ሺህ ሁለት መቶ ድምፅ በስምና በቀን ተደርድሮ ኮምፒውተሬ ውስጥ ተቀምጧል። አንዱም አባቴ አይደለም። ስደውል «ደህና ነሽ? በላሽ? እናትሽ እቻት» ብሎ ስልኩን ያቀብላል። የሚቀዳ ነገር ያለው አይመስለኝም ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ እሁድ እናቴ ደወለች። «አባትሽ አሞታል፤ ነይ» አለች። ሐሙስ የመመረቂያ ሥራዬ ለሕዝብ የሚሰማበት ቀን ነበርና «ዓርብ እመጣለሁ» አልኳት። ረቡዕ ጠዋት ሞተ፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተቀበረ። እዚህ አገር ቀብር ሰው አይጠብቅም። ሐሙስ አውሮፕላን ውስጥ ነበርኩ። ሁለቱም አመለጡኝ።

እናቴ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ያን ቀንም አላነሳችም። ጫማዋን ከእጄ ተቀብላ በሩ ሥር አስቀመጠችና፣

«አያልነህ ባለፈው ሰርግ ላይ ምን አለኝ መሰለሽ» አለች። አያልነህ የአባቴ የሥራ ጓደኛ ነው። «ያ ሞሼ ኩባ የሚሉት ሰውዬ፣ ሚፍዓል፣ ፋብሪካው ውስጥ ሳሉ ጎሹን በቴፕ ቀድቶት ነበር አለኝ። አሁንም ሽኹና ዳሌት ሰፈር አለ ይላል። ሂጂና የአባትሽን ድምፅ አምጪልኝ። ለዚህ አይደል የተማርሽው?»

*

በማግስቱ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለውም። በሩን የከፈተልኝ ሰማንያ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሽማግሌ ነው። በሁለቱም ጆሮው የመስሚያ መሣሪያ አድርጓል፤ ግን አይሰማም።

«የጎሹ ልጅ ነኝ!» ብዬ በዕብራይስጥ ጮህኩ። «ኦርሊ እባላለሁ!» ትምህርት ቤት ያወጡልኝ ስም ነው፤ ከቤታችን ውጪ በእሱ ነው የምጠራው።

«አልገዛም» አለኝ።

«ጎሹ! ከኤመቅ ሳራ! ከጠርሙስ ፋብሪካው!»

«ጎሹ» አለ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ተከፈተ። እጄን ይዞ አስገባኝ።

እኔ በቀን ስድስት ሰዓት የምሠራው የመስሚያ መሣሪያ በሚሸጥ ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ ከሰባት ዓመት ትምህርት ያገኘሁት እንጀራ ይኸው ነው። መሣሪያዎቹን ከጆሮው አውጥቼ አየኋቸው። በኩክ ተደፍነዋል። በመርፌ ጠርጌ መለስኩለት። ቀና ብሎ አዳመጠ።

«ፍሪጁ ድምፁን ቀይሯል» አለ፤ ዘመድ ታሞ ሳይነገረው የቆየ ሰው ይመስል ነበር። «መቼ ነው የቀየረው?»

ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ ጠረጴዛና አንድ ባለ ሁለት ጥቅል ትልቅ ቴፕ አለ። ከወለል እስከ ጣሪያ ደግሞ ካርቶን፤ በየካርቶኑ የተጠቀለለ የቴፕ ክር። ጠረጴዛው ላይ ምላጭና ፕላስተር። ግድግዳው ላይ የአንዲት ሴት ፎቶና በመስታወት የታቀፈ አንድ ወረቀት። ሴትየዋ ሚስቱ ኤስተር ናት፤ ከሞተች ቆይታለች።

ሞሼ የሚለው ስም እዚህ የተሰጠው ነው። ማታንሳስ በምትባል የኩባ የወደብ ከተማ ሲወለድ ሞይሴስ ተባለ። አባቱ በትከሻው ጨርቅ ተሸክሞ የሚሸጥ አይሁዳዊ ነበር። ልጁ ፒያኖ ተማረ፤ ከፒያኖው ዜማ ይልቅ ግን ክዳኑ ሲዘጋ ከሆዱ የሚወጣውን ድምፅ ወደደ። ሃቫና ሄዶ ሬዲዮ ጣቢያ በቴክኒሻንነት ተቀጠረ። ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ ማሽኖቹ የእሱ ናቸው። የስኳር ፋብሪካ ፉጨት፣ የወደብ ሰንሰለት፣ የእናቱን ሳል፣ ያገኘውን ሁሉ ይቀዳል። ክሩን በምላጭ ይቆርጣል፣ በፕላስተር ይቀጥላል፣ ያዘገየዋል፣ ገልብጦ ወደ ኋላ ያስኬደዋል። ኤሌክትሮአኩስቲክ ሙዚቃ የሚባለው ይኸው ነው፤ እኔም ሩቅ አገር ሄጄ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ እሱ በምላጭ፣ እኔ በኮምፒውተር።

ክር ብርቅ ነበር። ከአንዱ ሥራ በተረፈው ላይ ሌላው ይቀዳል። «በሃቫና ክር አይጣልም» አለኝ፤ ኩራት ነበረበት። መብራት በየሰዓቱ በሚጠፋበት ዘመን ደግሞ ሥራዎቹ አጠሩ። መብራቱ ሳይሄድ የሚያልቅ ሙዚቃ መሥራት ለመደ። አንድ ጊዜ ፈረንሳይ አገር ለበዓል ተጠራ። የመውጫ ፈቃዱ የደረሰው በዓሉ ካለቀ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነበር፤ ቴፑ ብቻውን ሄደ።

«ቴፔ ፈረንሳይን አይቷል» አለኝ። «እኔ ደግሞ ፖስታ ቤቱን አይቻለሁ።»

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ከኤስተር ጋር እዚህ መጡ። በሥራ ፈላጊዎች ቢሮ ጸሐፊዋ ሙያውን ጠየቀችው። አቀናባሪ ነኝ አላት። ምን ትጫወታለህ? አለችው። ዕብራይስጡ አልደረሰለትም፤ የሚያውቃት ቃል ምላጭ ነበረች። «ምላጭ» አለ፣ በጣቱም እየቆረጠ አሳያት።

«ፀጉር አስተካካይ ብላ ጻፈችኝ!» አለና ጉልበቱን መታ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ከሚስራዱ፣ ከቢሮው የሚመጣልኝ ደብዳቤ የፀጉር ቤት ነበር። አንዴ ሄድኩ። ኤስተር አልችልም አትበል አለችኝና ሄድኩ። አንድ ሰው ቆረጥኩ። ሰውዬው ዘመዶቹን ጠራ።»

በመጨረሻ ኤመቅ ሳራ የጠርሙስ ፋብሪካ ገባ፤ ካርቶን ያሽጋል። በመስመሩ ከእሱ ቀጥሎ የሚቆመው አባቴ ነበር።

«ሃፍሳካ ላይ፣ በምሳ ሰዓት፣ አባትሽና ጓደኛው ካርቶኖቹ ኋላ ይቀመጣሉ» አለ ሞሼ። «ጓደኛው ያወራል፣ ጎሹ ይሰማል። እኔ አንድ ቃል አይገባኝም። በገባሁ በወሩ መቅጃዬን አሳየሁት። ሙታር? አልኩት፤ ይቻላል? ቤሴደር፣ እሺ አለኝ። ስልሳ ደቂቃ ቀዳሁ። ማሽኑ ቅርብ ስለነበር እዚያው ምንም አልሰማሁም። ቤት መጥቼ ሳዳምጥ ነው።»

እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰው እንዲያ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። እንባ የለም፣ ጩኸት የለም። ጓደኛው ያወራል፤ ጎሹ ልቅሶውን ሊውጥ ሲል ትንፋሹ ይሰበራል። መቶ አርባ ሦስት ጊዜ ተሰበረ፤ ቆጥሬዋለሁ። በሱዳን መንገድ የሞቱባቸውን ነው የሚያነሱት ብዬ አሰብኩ። ያን ጊዜ ኤስተር ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሐኪሞቹ የነገሩኝን ሰምቼ መጥቼ ማልቀስ አልቻልኩም። አባትሽ ለእኔም አለቀሰልኝ።»

ወደ ቴፑ ተጠጋሁ። እሱ ክሩን አስገባ።

ከዚያ ትንፋሽ የሠራው ሙዚቃ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። «ማልቀስ የማይችለው ሰው» ይባላል። ከኩባ ከወጣ በኋላ አደባባይ የተሰማለት ሥራ ይኸው አንድ ነው፤ ቦነስ አይረስ ተሰምቶ የምስክር ወረቀት ላኩለት። ግድግዳው ላይ የታቀፈው እሱ ነው።

የመጀመሪያዋን ትንፋሽ ስሰማ አባቴን አወቅሁት። ሁለተኛዋን ስሰማ ሳቄ መጣ። በሦስተኛዋ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ።

አዎ። አዎ። አዎ።

እየራቀ፣ እየቀረበ፣ አንዳንዴ ብቻውን፣ አንዳንዴ መቶ አባቴ አንድ ላይ ሆኖ። ከዚያ አሥራ አንድ ሰከንድ ምንም የለም። ከዚያ በኋላ ሞሼ ክሩን ገልብጦታል፤ ወደ ውስጥ የነበረው ትንፋሽ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ረጅም ሆኖ፣ ዘግይቶ፣ እስኪጠፋ ድረስ።

«ቃሉስ?» አልኩት። «ሲናገር የለም?»

«ቃሉ የእኔ አይደለም። የማላውቀውን ቋንቋ መቆራረጥ ነውር መሰለኝ። ትንፋሹን ብቻ ወሰድኩ።»

«መጀመሪያ የቀዳህበት ካሴትስ?»

ካርቶን አወረደና አንድ ካሴት ሰጠኝ። በእርሳስ «ጎሹ» ተብሎ ተጽፎበት ተሰርዟል፤ ከሥሩ «ታሃና» ይላል። እዚያው ካርቶን ውስጥ በነበረው አሮጌ መቅጃ አስገባሁት። አውቶቡስ ወደ ዲሞና እንደሚነሳ የሚጠራ ድምፅ ተሰማ። ፍሬን፣ የእርግብ ክንፍ፣ ሐብሐብ የሚሸጥ ሰው። አዳመጥኩ፣ ወደ ፊት አስኬድኩት፣ ገልብጬ አዳመጥኩ። ስልሳ ደቂቃ ሙሉ ታሃና መርካዚት፣ የአውቶቡስ ጣቢያው ነው። አባቴ ያለውና ያልተናገረው ሁሉ ከዚያ ሥር ነበር።

ሞሼ ፊቴን አየና ገባው።

«በሃቫና ክር…» ብሎ ጀምሮ ተወው።

ልወጣ ስል ክንዴን ያዘኝ። «ስንት ዓመት ልጠይቅ ፈልጌ ነበር» አለ። «ጎሹን ራሱን እንዴት ልጠይቀው? ሰውን ለምን አለቀስክ አይባልም። እኔ ደግሞ ወዲያው ወደ ማከማቻው ተዛወርኩ፤ ስንገናኝም በዕብራይስጥ ኬን፣ ኬን፣ አዎ፣ አዎ ብቻ ነው። አንቺ ቋንቋውን ታውቂያለሽ። ጓደኛው ምን ነግሮት ነበር?»

«እጠይቅልሃለሁ» አልኩ።

*

አያልነህ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ታሃና መርካዚት በር ላይ ጃንጥላና የስልክ ሽፋን ይሸጣል። በሐምሌ ፀሐይ ጃንጥላ ማን ይገዛል ሲሉት፣ ዝናብ ሲመጣ ዋጋ ይጨምራል ይላል።

«አባባ አያልነህ፣ ሞሼ የቀዳችሁ ቀን ምን እያወራችሁ ነበር?»

«የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት?» አለና ሳቀ። «ትናንት ያወራሁትን እንኳ ሚስቴ ናት የምታስታውሰኝ!»

«ስለ ሱዳን ነበር? ስለ መንገዱ?»

«ሱዳን? ሃፍሳካ ላይ? እንዴ፣ ልጄ፣ ሱዳንን እያነሳ ምሳ የሚበላ ሰው አለ?» አንገቱን አዞረና አንድ አውቶቡስ እስኪያልፍ ጠበቀ። «ቆይ እስቲ። ሞሼ የገባ ሰሞን… ያን ጊዜ ሱባሩ ገዝቼ ነበር። ነጭ። አቤት ያች መኪና! ጠዋት አትነሳም፣ ማታ አትቆምም። አንድ ዓመት ሙሉ ከእሷ ሌላ ወሬ አልነበረኝም። ስለ ሱባሩ ነው የሚሆነው።»

«ስለ ሱባሩ?»

«ስለ ካርቡራተሩ። ጎሹ እኮ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለው። ግን እንደሱ የሚሰማ ሰው አልነበረም። አንድም ቀን በቃህ አላለኝም።» የጃንጥላዎቹን እጀታ አስተካከለ። «አሁን ማን ይሰማኛል? ልጆቹ ገና አፌን ስከፍት ‹አባ፣ ዳይ› ይሉኛል። በቃህ ማለታቸው ነው።»

ከታሃና እስከ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ለሞሼ መንገር እንዳለብኝ አውቅ ነበር። አለመንገር እንዳለብኝም አውቅ ነበር። አንድ ሰው ሚስቱ ስትሞት ያለቀሰበት፣ ከዕድሜው ሥራ ሁሉ የቀረለት ዘጠኝ ደቂቃ፣ የሚሠራው ስለ ካርቡራተር አዎ፣ አዎ ከሚል ሰው ነው። ሥራው በዚህ ሐሰት ይሆናል? በተማርኩበት ቤት ቢሆን መምህሬ ጥሩ ጥያቄ ነው ይልና ስለ እሱ አሥር ገጽ ያስጽፈኛል። እዚህ የሚያስጽፈኝ የለም።

*

«ድምፁ የለም» አልኳት እናቴን። «ትንፋሹ ብቻ ነው ያለው። አዎ ሲል።»

ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ እጇ ቆመ።

«አዎ ሲል?»

«እሱን ብቻ። ስልኬ ላይ ቀድቼ ላምጣልሽ።»

«በስልክ አልፈልግም። ያለበት ቤት ውሰጂኝ።»

የሰንበት ልብሷን ለብሳ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዛ ሄደች። ሦስቱን ፎቅ ጉልበቷን እየያዘች ወጣች። ሞሼ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ጠበቀን። ብርቱካኑን በሁለት እጁ ተቀበለና ወንበሩን ከቴፑ ፊት አስተካከለላት። እኔ ከኋላዋ ቆምኩ።

የመጀመሪያዋ ትንፋሽ ስትሰማ እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እሱ ነው» አለች።

ሁለተኛዋ መጣች። እናቴ እጇን ከአፏ አውርዳ ወደ ቴፑ ዘንበል አለች።

«ጎሹ» አለች።

ትንፋሽ።

«ደህና ነህ?»

ትንፋሽ።

«ያ የሚያፈሰውን ጣሪያ አሠራሁት። ልጅህ ሽሙኤል ነው ሰው ያመጣልኝ።»

ትንፋሽ።

«ሴት ልጅ ወለደ፣ ሽሙኤል። አንተን ነው የምትመስል። ግንባሯ።»

ትንፋሽ።

መናገርና ማረፍ የምትችልበትን ልክ ወዲያው አገኘችው። እሷ ትላለች፣ እሱ ይቀበላል። ስለ ጉልበቷ ነገረችው፤ ለሃቪም የምታጸዳቸው ሁለት ቤቶች ብቻ እንደቀሩላት፣ አንደኛዋ ሴትዮ ውሻዋ ሞቶባት ሰባት ቀን ለሐዘን እንደተቀመጠችለት ነገረችው። ስለ ውሻው ስትነግረው ትንፋሹ በዛና ተደራረበ፤ «አዎ፣ እኔም ገረመኝ» አለች። አታለቅስም። ማታ ከሥራ ሲመለስ ታወራው እንደነበረው ነው የምታወራው። ሞሼ ከዳር ቆሞ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል።

እኔ የማየው ክሩን ነበር። የት ላይ እንዳለን አውቃለሁ። ከዝምታው በፊት አራት ትንፋሽ ቀርቷል።

«ጥሩዬ መጥታለች» አለች እናቴ።

ትንፋሽ። ሦስት ቀረ።

«እዚሁ ናት፣ ከኋላዬ። ከስታለች።»

ትንፋሽ።

«ያኔ አልደረሰችም። እኔም ቶሎ አልጠራኋት፣ አንተም አልጠበቅካት።»

ትንፋሽ።

አንድ ቀርቷል። አሁን ጠይቂው፣ አልኩ በልቤ። አሁን። እናቴ ግን ጎንበስ ብላ የልብሷን ጫፍ አስተካከለች። የመጨረሻዋ ትንፋሽ ያለ ጥያቄ አለፈች።

«አልተቀየምካትም፣ አይደል?»

ክሩ ይዞራል። ምንም የለም።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እናቴ ጠበቀች። አምስት። ጭንቅላቷን ወደ ድምፅ ማጉያው አዘነበለች፤ ያልሰማች መስሏታል። ስምንት። «ጎሹ?» አለች። አሥር።

ከዚያ የተገለበጠው መጣ። ረጅም፣ ዘገምተኛ፣ ወደ ውጭ የሚወጣ ትንፋሽ። አባቴ ከፋብሪካ ገብቶ ጫማውን ለማውለቅ ሲቀመጥ የሚያሰማው ዓይነት።

እናቴ ሁለቴ ሰማችው።

«ደክሞታል» አለች። «ይበቃዋል። ዝጉለት።»

ሞሼ ቃሉ ባይገባውም እጇን አይቶ ቴፑን አቆመ። ክፍሉ ውስጥ የቀረው የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ነው። እናቴ ፌስታሏን እያጣጠፈች ተነሳች። ሞሼ ወደ እኔ ተጠጋ።

«ጓደኛውን ጠየቅሽው?»

«ጠየቅሁት።»

«ስለ በረሃው ነበር?»

ሱባሩ ምላሴ ላይ ነበረች። ከትከሻው በላይ የታቀፈው ወረቀት ይታየኛል፤ ከአጠገቡ ኤስተር።

«ያለቅስ ነበር» አለ፤ አሁን ድምፁ ራሱ ተሰበረ። «ያለቅስ ነበር፣ አይደል?»

አላሰብኩትም። ጉሮሮዬ በራሱ ተከፍቶ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳበው። አጭር ነበረች፣ ሙሉ ነበረች።

እናቴ በሩ ጋ ደርሳ ነበር፤ ዘወር ብላ አየችኝ።

ሞሼ ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ እጄ ውስጥ ጨመረልኝ። «አይዞሽ» አለ፤ ቃሉን አባቴ ነው ያስተማረው መሰለኝ። «አልቅሺ፣ አልቅሺ። ልክ እንደ አባትሽ ነሽ።»

ደረጃውን ስንወርድ እናቴ የብረቱን ድጋፍ ይዛ ከፊቴ ትሄድ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመች።

«ምን ብሎሽ ነው?»

«አባባ ያለቅስ ነበር ወይ አለኝ።»

«አዎ አልሽው። ሰምቼሻለሁ።» ወደ እኔ ዞረች። «አያልነህ ምን እያወራው ነበር?»

«ስለ ሱባሩ።»

«ስለዚያች ነጭ?»

«ስለ ካርቡራተሯ።»

እናቴ ሳቀች። እየሳቀች ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ወይኔ ጎሹ!» አለች። «ስለ ካርቡራተር! አንድ ሰዓት ሙሉ!» ሳቀች፣ ፊቷን በልብሷ ጫፍ ሸፈነች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ከልብሱ ሥር ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስትስብ ሰማሁ። አንዴ። ቆይታ ደግሞ አንዴ።

አዎ እያለችው ይሁን እያለቀሰች መለየት አልቻልኩም። አጠገቧ ተቀምጬ ሌላ እስክትመጣ ጠበቅሁ። ከላይ፣ ከሦስተኛው ፎቅ፣ ሞሼ ክሩን ወደ መጀመሪያው ሲጠቀልለው ይሰማ ነበር።